መጋረጃ የሌለው መድረክ
በዓለም የቲያትር ቀን ለቲያትር ክበብ ኃላፊዎችና ተማሪዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ የክበብ ኃላፊዎች፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንኳን ለዓለም የቲያትር ቀን በሰላም አደረሳችሁ።

ይህ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የተከበረው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው፤ እየቀነሳችሁ አትድከሙ። በዚያው በ1962 የፊሊፒንስ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩ አንድ ሰው ተዘዋዋሪ የቲያትር ቡድን መሠረቱና ተማሪዎቻቸውን ይዘው ከግቢ ወጡ። ቡድኑን ለ19 ዓመት መሩት። ዊልፍሪዶ ማሪያ ጌሬሮ ይባላሉ።

ኮሚቴው የሰጠኝ ርዕስ «የጌሬሮ ሕይወትና ሥራ» ይላል። ሕይወቱን ቶሎ ልጨርስላችሁ፤ ጉዳዬ ከሥራው ጋር ነው።

ጌሬሮ የማኒላ፣ የኤርሚታ ሰፈር ልጅ ናቸው። የመጀመሪያ ተውኔታቸውን በ14 ዓመታቸው የጻፉት በስፓኒሽ ነበር። ካደጉ በኋላ ላ ቫንጓርዲያ በሚባል የስፓኒሽ ጋዜጣ ሪፖርተርና አራሚ ሆኑ፤ በእንግሊዝኛ ጋዜጣ ላይ የቲያትር ሒስ ጻፉ፤ በፊልም ኩባንያም ተቀጥረው ሠሩ። በ1947 የዩኒቨርሲቲው የድራማ ክበብ አዘጋጅ ሆነው ተሾሙና 16 ዓመት በዚያው ቆዩ። ዲግሪ አልነበራቸውም። ፕሮፌሰር የሆኑት ያለ ዲግሪ ነው። ከመቶ በላይ ተውኔት ጽፈው 41ዱ ታትመዋል። በ1995 አረፉ፤ የአገሪቱ ትልቁ የኪነ ጥበብ ማዕረግ፣ «ብሔራዊ አርቲስት» የሚባለው፣ የተሰጣቸው በ1997 ነው። ሰው ከሞተ በኋላ መሸለም የእኛ ብቻ አመል እንዳይመስላችሁ።

ሕይወቱ ይኸው ነው። አሁን አንድ ቁጥር ያዙልኝ፤ 2,500።

ተዘዋዋሪው ቡድን በ19 ዓመት ውስጥ ያሳየው ትርኢት ከ2,500 አያንስም። ለዓመት ብታካፍሉት ከ130 በላይ ይደርሳል። በሦስት ቀን ውስጥ አንዴ፣ ክረምት ከበጋ፣ ፈተና አለ የለም ሳይባል ማለት ነው። ይህ የሆነው ከ7,000 በላይ ደሴቶች ባሏት አገር ነው፤ ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው ለመድረስ መኪናው አልቆ መርከብ የሚጀመርባት አገር። ተዋንያኑም ተማሪዎች ናቸው፤ በየዓመቱ የሠለጠነው ይመረቅና ምንም የማያውቀው ይመጣል።

እንዴት ተቻለ? መልሱ ከተውኔቶቹ ውስጥ ነው፤ ሌላ ቦታ አትፈልጉት። ሰውየው አዘጋጅም ጸሐፊም ስለነበሩ፣ የሚጽፉት ተማሪ ሊሠራው፣ ትምህርት ቤትም ሊያስተናግደው የሚችለውን ነበር። አብዛኞቹ ባለ አንድ ገቢር፣ ማለትም በአንድ ክፍል የሚያልቁ፣ ናቸው። ቦታው ብዙውን ጊዜ ሳሎን ነው፤ ሳሎን ማለት ደግሞ አንድ ጠረጴዛ፣ ጥቂት ወንበርና ሁለት መውጫ። እነዚህ የሌሉት ትምህርት ቤት የለም። «ሦስት አይጦች» የሚለው ተውኔታቸው ባል፣ ሚስትና የቤት ወዳጅ፣ በጠቅላላ ሦስት ሰው ነው ያለው። በነገራችን ላይ ይህ በጉዞ የሚቀል ይመስላል እንጂ አደገኛ ነው። ከሦስት ሰው አንዱ ትኩሳት ከያዘው ትርኢቱ አበቃ። ስለዚህ ሦስት ተዋናይ ያለው ቡድን የሚጓዘው አራት ሆኖ ነው፤ አራተኛው ዕቃ ያቀብላል፣ መብራት ያበራል፣ የሦስቱንም ቃለ ተውኔት በቃሉ ይዞ ይጠብቃል።

«አጃቢ ይፈለጋል» የሚለውን ኮሜዲያቸውን ደግሞ ቀረብ ብለን እንየው። ነገሩ እሑድ ቀን፣ አንድ ደህና ኑሮ ያለው ቤተሰብ ሳሎን ውስጥ ነው። ከስፓኒሾች በተረፈው ወግ መሠረት የጨዋ ልጅ ያለ አጃቢ ከወንድ ጋር አትወጣም። የቤቱ ልጅ ያለ አጃቢ ግብዣ ሄዳ ኖሮ ሐሜቱ በማግስቱ እቤት ድረስ ይመጣል። ጌሬሮ እዚህ ላይ አንዲት ትንሽ ክፋት ጨምረዋል። ጌታውም አሽከሩም ስማቸው ፍራንሲስኮ ነው።

እዚች ላይ ነው ጀማሪ ተዋናይ የሚወድቀው። ፍራንሲስኮ ተብሎ ሲጠራ የቀልዱ ጉልበት ያለው «የተጠራው የትኛው ነው?» በሚለው መወናበድ ላይ ነው። አሽከሩን የሚጫወተው ተማሪ ግን መጠራቱ እንደማይቀር በልምምድ ያውቀዋልና ስሙ ከመጠራቱ በፊት አንገቱን ያዞራል። ግማሽ ሰከንድ ይበቃል፤ ተመልካቹ አስቀድሞ ነቃ፣ ቀልዱ ሞተ። «አትቸኩል» ብሎ መቆጣት ዋጋ የለውም፤ ጭራሽ ይደነዝዛል። መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እጁ ላይ ሥራ ስጡት። ጠረጴዛ ይወልውል፤ አራተኛውን እግር ሳይጨርስ ቀና እንዳይል ንገሩት። ሁለተኛ፣ በልምምድ ጊዜ የምትጠራው ተዋናይት ዝምታዋን ትለዋውጥ፤ አንዴ በ1 ሰከንድ፣ አንዴ በ5 ሰከንድ ትጥራ። መቼ እንደሚጠራ ካላወቀ ከልቡ ይሰማል።

ከዚያ ሳቁ ይመጣል፤ ሳቅም የራሱ ጣጣ አለው። ሳቁ ሳይበርድ ቀጣዩን ቃል ከጣላችሁት ይጠፋል። ያ የጠፋው ቃል የአንድ ሰው ማንነት የሚነገርበት ከሆነ ተመልካቹ እስከ መጨረሻው «ይቺ ሴትዮ ማናት?» እያለ ይቀመጣል። ፍጹም ጸጥታ እስኪሆን ከጠበቃችሁ ደግሞ መድረኩ ይቀዘቅዛል። ቃሉ የሚገባው ሳቁ ጫፍ ደርሶ ቁልቁል ሲጀምር ነው። ይህ በልምምድ ክፍል አይገኝም፤ በክፍሉ የሚስቅ ሰው የለማ! የሚገኘው ተመልካች ፊት ነው፣ ያውም በየከተማው ሳቁ ቦታውን እየቀየረ። እንግዲህ 2,500 ትርኢት ማለት ለዚህ ትምህርት 2,500 ክፍለ ጊዜ ማለት ነው። ዲግሪ ያልነበራቸው መምህር የሰጡትን የተግባር ትምህርት ያህል የሚሰጥ ካለ እጁን ያውጣ።

አሁን ወደ መጣሁበት ልግባ።

በተሰበሰብን ቁጥር የምንሰማው አንድ ለቅሶ አለ፤ «አዳራሽ የለንም»። ክበቡ ለምን ቆመ? አዳራሽ የለም። ተውኔቱ ለምን አልወጣም? መጋረጃ አልተገዛም፣ ሶፋ የሚያውሰን አጣን፣ ስፖንሰሩ ቀረ። ይቅርታ አድርጉልኝና አዳራሽ አይደለም ያጣነው። ያጣነው ለቦታው የሚመጥን ተውኔት የሚጽፍና የሚመርጥ ሰው ነው። ሦስት ገቢር፣ 22 ገጸ ባሕርይ፣ ቤተ መንግሥትና የጦር ሜዳ ያለው ድርሰት ይመረጥና ለስድስት ወር ልምምድ ተደርጎ አንድ ቀን ይታያል፤ በማግስቱ ዲኮሩ ማገዶ ይሆናል። ባለ አንድ ገቢር ኮሜዲ ሲቀርብለት «የልጆች ሥራ ነው» ብሎ አፍንጫውን የሚነፋም አለ። የልጆች ሥራ ከሚባለው ዓይነት አንዱ፣ የጌሬሮ ባለ አንድ ገቢር ተውኔት፣ ካሊፎርኒያ፣ ፓሳዴና ድረስ ሄዶ በአሜሪካኖች መድረክ ታይቷል። ከባድ ማለት ብዙ ጭነት ማለት ከሆነ ሎሪውም የቲያትር ባለሙያ ነው!

ጌሬሮን አምላክ እናድርጋቸው እያልኩ አይደለም። ብዙ ቋንቋ ባለበት አገር በእንግሊዝኛ መጻፋቸው የሚያስጠይቅ ነው፤ በኋላ ተውኔቶቹ ታጋሎግን ጨምሮ ወደ አገሬው ቋንቋዎች መተርጎም ነበረባቸው። የሳሎን ቀልዳቸውም የአደባባዩን እሳት ብዙ አይነካም። የሚገርመው፣ ያንን እሳት ከጨበጡት አንዱ የራሳቸው ተማሪ መሆኑ ነው። ቤን ሰርቫንቴስ በፕሬዚዳንት ማርኮስ ወታደራዊ አዋጅ ዘመን፣ በ1974፣ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሌላ ቡድን መሠረተ፤ የሸንኮራ አገዳ ሠራተኞችን ኑሮ የሚያሳይ ፊልሙ በመንግሥት ተወረሰ፣ እሱም ታሰረ። መምህሩን የማይመስል ተማሪ ማፍራት ደግሞ ሌላ ችሎታ ነው። ሴሊያ ዲያዝ ላውሬል፣ ጆይ ቪራታ፣ ጁኒ ጋምቦዋም ከእሳቸው እጅ የወጡ ናቸው፤ ሰዓቱ ስለሄደ በስም ብቻ አልፋቸዋለሁ።

ለጉዞ የምትዘጋጁ ክበቦች የሚከተለውን ጻፉ። የመለማመጃ ወለላችሁ ላይ 5 በ4 ሜትር በፕላስተር አስምሩና ከመስመሩ የወጣ እንቅስቃሴን ሁሉ ቁረጡ። ሰፊ ቦታ ብታገኙ ምንም አይደለም፤ ጠባብ ቦታ ላይ ግን የተለማመዳችሁት ሁሉ ይፈርሳል። ወንበር ከምትሄዱበት ትዋሳላችሁ፤ የለመዳችሁት 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ሆኖ ዝቅ ያለ ሶፋ ከገጠማችሁ በቁጣ ብድግ ማለት ያለበት አባት እየተንፏቀቀ ይነሳል፤ ትርኢቱ ሳይጀመር እያንዳንዱ ተዋናይ የሚቀመጥበት ላይ ተቀምጦ ይነሳ። እንደደረሳችሁ ዕቃ ከማውረዳችሁ በፊት አንድ ሰው መጨረሻው ረድፍ ይቁምና መድረክ ላይ ያለው በተራ ድምፁ ያናግረው። ባዶ ክፍል ያስተጋባል፣ ሰው ሲሞላ ድምፅ ይዋጣል፤ ስለዚህ በባዶው ክፍል ደህና የተሰማው ማታ አይበቃም። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ከመጣ አትጩሁ፤ ጩኸት ቃሉን ያበላሸዋል። ትዕይንቱን ወደ መድረኩ ጫፍ አምጡት፤ ካልሆነም አቁማችሁ ጠብቁ። የፕሮፕስ፣ ማለትም ተዋንያኑ መድረክ ላይ የሚይዙት ዕቃ፣ ዝርዝር ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፤ ስትነሱና ስትመለሱ። ሁልጊዜ የሚጠፋው ትንሹ ነው፤ ደብዳቤ፣ ቁልፍ፣ መነጽር።

በ1976 ዩኒቨርሲቲው ፓልማ ሆል የተባለው ሕንፃ ውስጥ ያለውን ቲያትር ቤት በጌሬሮ ስም ሰየመ፤ በሕይወት እያሉ። ያለ አዳራሽ ሲዞሩ የኖሩት ሰው በመጨረሻ የተሰጣቸው አዳራሽ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ዲኮር የሚወጣው በደረጃ ነው።

ከሻይ በኋላ አዳራሽ አንገባም። ፕላስተርና ሜትር በሩ ጋ ተቀምጧል። እያንዳንዱ ክበብ ኮሪደሩ ላይ የራሱን 5 በ4 ያስምር፤ ሁለት ወንበር ከዚህ ይዛችሁ ውጡ።