መልሱን ቆጥሮ ተቀበለኝ

እሺ... እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። ስለ ዶሮው ለምትጠይቁኝ፣ ፋሲካ አልፏል። ሌላ አልጨምርም።

ዛሬ ላወራ ያሰብኩት ስለ ሌላ ነገር ነበር። ግን ትናንት ታክሲ ውስጥ የዛ ሰውዬ ዘፈን ተከፈተ። የፍላሹ ሰውዬ። ስሙን እንደማልጠራ ታውቃላችሁ።

ክረምት ነው፣ በእኛ 2003። ዘፈን በፍላሽ የምንጭንበት ሱቅ ውስጥ ነኝ። መብራት ሄዶ ገና መምጣቱ ነው፣ ኮምፒውተሩ እየተነሳ ነው። ሰውዬው ገባና ፍላሽ ሰጠኝ። 4 ጊጋ፣ ክዳን የለው፣ ከመኪና ቁልፍ ጋር የታሰረ። «የቆዩ ትዝታዎች ጫንልኝ» አለኝ። እየመረጥኩለት ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን አየ። የራሱ አልበም! ከወጣ 3 ወሩ ነው። ፎልደሩ ላይ ስሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ያውም አሳስቼ። ዝም አለ። ከዛ፣ «እሱንም ጨምርበት።»

ምን ላድርግ? ኮፒ፣ ፔስት። ያቺ አረንጓዴ መስመር 98 ላይ ስትደርስ ትቆም የለ? ሁለታችንም እሷን እያየን ነው። «ስንት ነው?» «30» አልኩት። አፌ ለምዶ ነዋ! 50 ሰጠኝ። መልሱን ቆጥሮ ተቀበለኝ።

የቅጂ መብት አዋጁ እኮ ያኔ ወጥቶ ቆይቷል፣ 410/1996። ሱቃችን ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ግን «ዱቤ የለም» ነው።

አንድ ጥናት አለ፣ የአውሮፓ ኮሚሽን ያሠራው። በፈረንጆቹ 2015 አልቆ ይፋ የሆነው በ2017 ነው። ሰው በነፃ ስላገኘ ሙዚቃ መግዛት ይቀንሳል የሚለውን በአስተማማኝ የሚያሳይ ነገር አላገኙም። አዲስ የወጡ ትልልቅ ፊልሞች ላይ ጉዳት አለ። ጌም ላይ ጭራሽ ተገላቢጦሽ ነው፤ በነፃ የሚያወርደው ገዢም ይሆናል። ሳነበው ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። ለምን እንደዛ ደስ እንዳለኝ ነው...

ጌሙን ተዉት፣ እሱስ እውነት ይሆናል። ፕሌይስቴሽን ቤት ያፈሰስኩት ብር! ዲስኩ ሁሉ ቅጂ፣ በማርከር የተጻፈበት። ተሸናፊ ከፋይ ነው፣ ወንድሜ ደግሞ አይሸነፍም፣ ያው እኔ ነኝ የምከፍለው። ግን ብሩ የሄደው ለቤቱ ባለቤት ነው፣ ጌሙን ለሠራው አይደለም። ኦሪጂናል ልግዛ ብልስ በየትኛው ካርድ፣ በምን ዶላር? እነሱ የጠየቁት መግዣ ያለውን ሰው ነው። እኔን ቢጠይቁኝ ምን እላቸው ነበር፣ እንጃ።

ዘፈኑ ላይ ግን ይሄን ማለት አልችልም። የሰውዬው ኦሪጂናል ሲዲ እዛው ሱቅ ነበር። 25 ብር። መስታወቱ ውስጥ፣ አቧራ ለብሶ።

እና አሁን የማስበው፣ መስታወቱ በየት በኩል ነበር? ከኋላዬ ከሆነ ፊት ለፊት አይቶታል ማለት ነው። በበሩ በኩል ከሆነ ግን... ሲወጣ... አይ፣ በበሩ በኩል ፖስተር ነበር። ፖስተር ነበር መሰለኝ...