ከአባት የተወረሰው የህንድ ሰይፍ፦ ከወርቁ በፊት እጀታውን እዩ

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተጋደመ ሰይፍ፤ ቀይ ከፋይ የለበሰ አፎት]

ይህ ሰይፍ የጎረቤቴ ነው። አባቱ በሐረር ጦር አካዳሚ ዕጩ መኮንን ሳሉ፣ ከህንዳዊ አሠልጣኞቻቸው አንዱ ወደ አገሩ ሲመለስ ለማስታወሻ ሰጥቷቸው ሄደ። አካዳሚው ሥራ ሲጀምር ያስተምሩ የነበሩት የህንድ ጦር መኮንኖች ስለነበሩ እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ያስኬዳል። ቤት ውስጥ ግን ታሪኩ እያደገ ሄደ። መጀመሪያ ማሃራጃ (የህንድ ንጉሥ) የታጠቀው ሆነ፣ ቀጥሎ ሁለት መቶ ዓመት ሞላው። ባለፈው ፋሲካ ደግሞ እጀታው ላይ ያሉት ሰባት ቀይ ድንጋዮች ሩቢ ናቸው ተባለ። ከሰባቱ የአንዱ ቀለም ትንሽ ይለያል፤ እሱን ያዙልኝ።

ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰይፍ ካለ፣ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጌጡ ነው። ጌጡን ለጊዜው ተዉትና እጀታውን ጨብጡት።

[ምስል፦ የታልዋር እጀታ በቅርበት]

ቆልመም ያለው የታወቀው የህንድ ሰይፍ ታልዋር ይባላል። እጀታው ብዙውን ጊዜ ብረት ነው፤ አናቱ ላይ እንደ ትንሽ ሳህን ክብ ሆኖ መሐሉ ጎበጥ ይላል። አሮጌ ታልዋር ስትጨብጡ እጃችሁ በሳህኑና በመስቀለኛው የእጅ መከለያ መሐል ይጣበቃል፤ ሰፊ መዳፍ ያለው ሰው «ለልጅ ነው እንዴ የተሠራው?» ይላል። የጎረቤቴ ሰይፍ እጀታ ግን ናስ ነው፤ ጫፉ የአንበሳ ራስ፣ መያዣው ደግሞ ለሁለት እጅ የሚበቃ።

አሁን መጋጠሚያው ላይ እንምጣ። ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚናገረው እሱ ነው። የጥንቱ የህንድ አንጥረኛ ስለቱን ከእጀታው ጋር የሚያያይዘው በሙጫ ነበር፦ ሙጫውን አሙቆ እጀታው ውስጥ ይሞላና የስለቱን ጭራ ይሰካበታል። የአንበሳውን ራስ ዞር ሳደርገው ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ዳዶ! ስለቱ ላይ የተበየደ ቀጭን ዘንግ፣ ጥርስ ወጥቶለት በዳዶ ታስሯል። በዚህ ሰይፍ አንድ ጊዜ በኃይል ብትመቱበት ስለቱ እጀታውን ጥሎ ይበራል። በቀልድ እንኳ አትሞክሩት።

ስለቱም ያንኑ ይመሰክራል። ለውጊያ የተሠራ ስለት እጀታው አጠገብ ወፍራም ሆኖ ወደ ጫፉ እየሳሳ ይሄዳል፤ እጀታው ሥር ደግሞ ጥቂት ጣት የሚያህል ያልተሳለ ቦታ ይተዉለታል። ይኼኛው ከላይ እስከ ታች እንደ ማስመሪያ አንድ ዓይነት ነው፤ በክሮም ተነክሯል፤ ላዩ ላይ ያለው የአበባ ጌጥም በአሲድ የተበላ ነው።

ጌጥ ስላለው ብቻ ግን ሐሰተኛ ነው አትበሉ። በየቤተ መንግሥቱ ለክብር የሚታጠቁ፣ በኮፍትጋሪ ያጌጡ ድንቅ ሰይፎች ነበሩ። ኮፍትጋሪ ማለት የብረቱን ገጽ በቀጫጭን መስመሮች አሻክሮ፣ የወርቅ ወይም የብር ክር በመዶሻ ማስያዝ ነው። በአጉሊ መነጽር እዩት፤ ወርቁ ያለቀበት ቦታ ላይ የተጫረው ብረት ይታያል። ቅብ ከሆነ ግን እንደ ቀለም ይላጣል።

እንደ ውኃ ሞገድ የሚመስል መስመር ያለው ስለትም አለ። እሱ ዉትዝ ነው፤ በደቡብ ህንድ በሸክላ ድስት እየቀለጠ ይሠራ የነበረ፣ እስከ ፋርስ ድረስ የተነገደ ብረት። ሞገዱ ከብረቱ ከራሱ የሚወጣ ነው። ስለዚህ እባካችሁ፣ ምን እንደያዛችሁ ሳታውቁ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ አትፈትጉት፤ ሞገዱንም ወርቁንም ታጠፉታላችሁ። በለስላሳ ጨርቅ ጥቂት ዘይት ቀብታችሁ ተዉት።

[ምስል፦ ስለቱ ሥር የተመታ ጽሑፍ]

ጽሑፍም ፈልጉ። በፋርስ ወይም ሂንዲ በሚጻፍበት በዴቫናጋሪ ፊደል ከሆነ ፎቶ አንስታችሁ ለሚያነብ ሰው አሳዩ። እዚህ ያለው ግን በላቲን ፊደል «ኢንዲያ» የሚል ነው። አሜሪካ በ1890 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የቀረጥ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት ስላስገደደች፣ ይህ ቃል ለገበያ የተሠራ ዕቃ ምልክት ነው። እንዲህ ያለ የናስ ሥራ ከሚወጣባቸው ቦታዎች ዋነኛዋ በኡታር ፕራዴሽ ያለችው ሞራዳባድ ናት፤ ህንዶች ራሳቸው የናስ ከተማ ይሏታል።

በደቡብ ህንድ የማይሶር ገዥ የነበረው የቲፑ ሱልጣን ሰይፍ በ2023 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ከ14 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ከተሸጠ ወዲህ ሁሉም ሰው ግድግዳውን ማየት ጀምሯል፤ ጎረቤቴም አንዱ ነው። ያገኘሁትን ስነግረው ዝም አለ። እናቱ ግን ቡናቸውን ፉት እያሉ «ሩቢዎቹስ?» አሉኝ።

«ብርጭቆ ናቸው፣ እማማ።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አሉ። «አንዱ ወልቆ ጠፍቶብኝ፣ ከአሮጌ የአንገት ጌጤ ነቅዬ የለጠፍኩት እኔ ነኝ።»