ብርሃን ለምትበላ እንስሳ ማጉረስ

ሰላም ወዳጆቼ። ዛሬ የማወራችሁ ሳሎኔ ውስጥ ባለው የጨው ውሃ አኳሪየም ዐለት ላይ ተጣብቃ ስለምትኖረው የባሕር አኒሞን ነው፤ አበባ የምትመስል የባሕር እንስሳ ናት። አበባ ናት ብለው የሚከራከሩኝ አሉ፤ እኔ ግን ሽሪምፕ የምትውጥን አበባ አላውቅም። ዝርያዋ በአፏ ዙሪያ ያሉት ለስላሳ እጆቿ ጫፋቸው እንደ አረፋ የሚያብጠው፣ ከቀይ ባሕር እስከ ፓስፊክ የሚገኘው ነው።

እንግዳ ሳይበላ በማይሸኝበት ቤት ስላደግሁ፣ የወደድሁትን ሁሉ ላብላ እላለሁ። እሷ ደግሞ የምትፈትነው ይህንኑ ጠባዬን ነው፤ ዋና ምግቧ ከእኔ እጅ አይመጣምና። ሥጋዋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች፣ ማለትም እንደ ተክል ከብርሃን ምግብ የሚሠሩ ጥቃቅን ፍጥረታት፣ ይኖራሉ፤ በመብራቱ ብርሃን ስኳር ይሠሩና ብዙውን ለእሷ ይሰጣሉ። መብራቱ ከደከመ ወይም ውሃው ከልክ በላይ ከሞቀ አልጌዎቹን ታጣለች፣ ትነጣለችም። የነጣች አኒሞን ለዓይን ታምራለች፤ እንደ ብርቅ ቀለም ቆጥሮ የሚገዛት አለ። የገዛው የተራበች እንስሳ ነው።

እኔ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከአፏ ያነሰ የጥሬ ሽሪምፕ ቁራጭ በረጅም ወረንጦ እጆቿ ላይ አሳርፍላታለሁ። እጆቿ ጥቃቅን መርዛማ መውጊያዎች ስላሏቸው ቁራጩ ይጣበቃል፤ ቀስ እያለ ወደ መሃል ይሄዳል፤ አፏም ይከፈታል። ጉርሻ ነው፤ ግን "በሞቴ" ብሎ መድገም የለም። ከበዛባት ትተፋዋለች፤ መግቢያውም መውጫውም አንድ ቀዳዳ ነው። የተተፋው ይበሰብስና ከእሱ የሚወጣው መርዛማ አሞኒያ አብረዋት ያሉትን ዓሦችም ይጎዳል።

ከረሃብ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ የአኳሪየሙን ውሃ የሚያንቀሳቅሰው ፓምፕ ነው። አኒሞን ቦታው ካልተመቻት በእግሯ እየተንሸራተተች ትሰደዳለች፤ ፓምፕ ከሳባት ትቆራረጣለች፣ ውሃውንም ትበክላለች። የፓምፑን አፍ በስፖንጅ መሸፈን ብዙ ሐዘን ያስቀራል።

በጥቂቱ መኖርን በተመለከተ የስኮትላንዷን ላንሳ። ጆን ዳልዬል የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1828 ከባሕር ዳርቻ አንዲት አኒሞን ወስዶ በመስታወት ዕቃ አኖራት። የቀዝቃዛ ባሕር ዝርያ ስለሆነች ከእኔዋ ትለያለች። እሱ በ1851 ሞተ፤ እሷ ግን "ግራኒ"፣ ማለትም አያት፣ ተብላ ከአሳዳጊ ወደ አሳዳጊ እየተላለፈች እስከ 1887 ኖረች። ኤሌክትሪክ የለም፣ ፓምፕ የለም፤ የሚቀየርላት የባሕር ውሃና ጥቂት የዛጎል ሥጋ ብቻ። እኔ ለመብራቱ የምከፍለውን ሳስብ ግራኒ ትንሽ ታናድደኛለች።

እናቴ ቤቴ ስትመጣ "ልጄ፣ ምነው ይህችን ፍጥረት ጾም አስያዝሃት?" ትለኛለች። ወረንጦውን አልሰጣትም። ዓሦቹን እንድታበላ ግን ፈቅጄላታለሁ። አኒሞኗ ውስጥ የሚጠለሉት ክላውን ፊሾች አንዳንዴ ከድርሻቸው ቁራሽ ይዘው ሄደው እሷ ላይ ይጥሉላታል። እናቴ ይህን ካየች ወዲህ ትልልቁን ቁራሽ ለእነሱ ነው የምትመርጠው።