ናሙናውን ከመድፋታችን በፊት

የተከበራችሁ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ «አሜባ ነው» ወይም «ጃርዲያ ነው» ተብሎ መድኃኒት ያልታዘዘለት ሰው ያለ አይመስለኝም። ሰገራው ይመጣል፣ በሳላይን (በጨው ውሃ) ይበጠበጣል፣ በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ ውጤቱ ይጻፋል። ከዚያ ናሙናው ይደፋል። ከሚደፋው ናሙና ጥቂቱን ወስደን፣ ውስጡ ያለውን ተውሳክ አሳድገን በቅዝቃዜ ማቆየት አለብን። የመጣሁት ይህንን ልጠይቃችሁ ነው።

አሜባን እንውሰድ። ኢንታሚባ ሂስቶሊቲካ አንጀት ያቆስላል፣ ጉበት ድረስም ይዘልቃል። ኢንታሚባ ዲስፓር ግን ብዙውን ጊዜ ሰው ሳይጎዳ ይኖራል። የሁለቱ ሲስት፣ ማለትም ሽፋን ለብሶ በሰገራ የሚወጣው መልካቸው፣ በማይክሮስኮፕ አይለይም። ፈረንሳዊው የጥገኛ ተውሳክ ተመራማሪ ኤሚል ብሩምፕት እ.ኤ.አ. በ1925 «ሁለት ናቸው» ቢልም ሰሚ አላገኘም። ሁለትነታቸው በይፋ የተጻፈው በ1993 ነው። ክርክሩን ከፈቱት ነገሮች አንዱ ካልቸር፣ ማለትም ተውሳኩን በላቦራቶሪ ማሳደግ፣ ነበር። ኢንዛይማቸውን ለማነጻጸር ብዙ አሜባ ያስፈልጋል፤ ስላይድ ላይ ያለችው ጠብታ አትበቃም።

ማሳደጉ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከሰገራ የመጣ አሜባ ከባክቴሪያ ጋር ነው የሚያድገው። ባክቴሪያውን አስወግዶ ብቻውን ማኖር ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዴም አይሳካም። ተመራማሪው ሉዊስ ዳይመንድ ይህን በ1961 አሳካው። በ1978 ባልደረቦቹን ይዞ ያወጣው ቲዋይአይ-ኤስ-33 የተባለው ምግብ እስካሁን ይሠራል። ለጃርዲያ ደግሞ የከብት ሐሞት ይጨመርበታል። እነዚህ ፍጥረታት ኦክስጅን አይስማማቸውም፤ ስለዚህ ቲዩቡ እስከ አፉ ይሞላና ጥብቅ ተደርጎ ይከደናል።

እጃችሁ የሚለምደው ሥራ እዚህ ጋ ነው። ጃርዲያው የመስታወቱን ግድግዳ ሙጭጭ ብሎ ይይዛል። ቲዩቡን በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ያህል ስታቆዩት ይለቃል። ቀስ አድርጋችሁ ትገለብጡታላችሁ፣ በሴንትሪፊውጅ (በማሽከርከሪያ ማሽን) ትሰበስቡታላችሁ፣ ሴሉን ከበረዶ ጉዳት የሚከላከለውን ዲኤምኤስኦ የተባለ ፈሳሽ ትጨምሩበታላችሁ። ከዚያ በደቂቃ አንድ ዲግሪ ገደማ እየቀነሰ ይቀዘቅዛል። ከተቻኮላችሁ ሴሉ ውስጥ በረዶ ይሠራና ይገድለዋል። በመጨረሻ ወደ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይገባል፤ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ። ስታወጡት ግን ተቃራኒው ነው፦ 37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይሟሟ። ዲኤምኤስኦውም ሳይውል ሳያድር ይቅጠን፣ ሴሉን ይመርዘዋልና።

ይህ ሁሉ ድካም ምን ያተርፋል? በ1967 ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ከአንድ የተቅማጥ በሽተኛ የተገኘ አሜባ በካልቸር ተይዞ ቆየ። በ2005 የዘረመሉ ሙሉ ንባብ ሲታተም የተነበበው እሱ ነው። ናሙናው ሲወሰድ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ መሣሪያ ገና አልነበረም። የእኛ በሽተኞች ጃርዲያና አሜባስ? መድኃኒት አልሠራም ሲባል የምንፈትሸው ተውሳክ ከየት እናመጣለን?

«ናይትሮጅኑስ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። ፈሳሽ ናይትሮጅን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የከብት ማዳቀያ ባለሙያዎች የኮርማ ዘር የያዘውን ታንክ ይዘው ገጠር ለገጠር ይዞራሉ። ለወተት ላም የተቻለው ለሕፃናት ተቅማጥ ምርመራ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። የሚከብደው ታንኩን ሳይጎድል የሚሞላ ሰው መመደቡ ነው። አንድ ጊዜ ከተረሳ ሁሉም ይሞታል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ትንሽ ነው። ጥገኛ ተውሳክ የሚያስተምር አንድ ዩኒቨርሲቲ አንድ ታንክ ይዞ ይጀምር። በአካባቢው ያሉ ሆስፒታሎች ከመድኃኒት በፊት የተወሰደ ትኩስ ናሙና፣ የታካሚው ፈቃድ ተጠይቆ፣ በዚያው ቀን ይላኩለት። በየቲዩቡ ላይ ቀኑ፣ ቦታውና የተሰጠው መድኃኒት ይጻፍ፤ ስም አያስፈልግም። ከጃርዲያ እንጀምር።

አመሰግናለሁ።