ሸሪክህ ነገ ቢሞትስ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት በሬዲዮ ዝግጅታችን ስልክ የከፈትነው ስለ ሸሪክ አመራረጥ ነበር። የደዋዮችን ስም ትተን፣ ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገን፣ እንግዳችን የንግድ ሕግ ጠበቃ የሰጡትን መልስ እንዲህ አቅርበናል።

ከሐዋሳ፦ ከልጅነት ጓደኛዬ ጋር ዳቦ ቤት ልንከፍት ነው። ጓደኛ ጥሩ ሸሪክ ይሆናል?

ሊሆን ይችላል። ጓደኛህ መሆኑ ብቻውን ግን ምንም አይነግረኝም። ብር አበድረኸው ታውቃለህ? በቀኑ መለሰልህ? መመለስ ሲያቅተውስ ደውሎ ነገረህ ወይስ ስልኩን አጠፋ? እኔ የምፈልገው ይህንን ነው። እቁብ ላይ እንኳ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይወስድም። ድርጅት ስናቋቁም ግን «ኧረ በናትህ፣ እኔና አንተ መካከል ምን ወረቀት ያስፈልጋል» እንባባላለን። ያስፈልጋል። እሱ ታማኝ ቢሆንም፣ ነገ ቢሞትስ? ሟርተኛ በሉኝ፣ ዛሬ ይህን ጥያቄ ደጋግማችሁ ትሰማላችሁ።

ከአዲስ አበባ ሜክሲኮ፦ አብሮኝ መሥራት የፈለገን ሰው እንዴት ላጣራ?

ንግድ ፈቃዱን በንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የኢትሬድ ድረ ገጽ ላይ አይተህ አረጋግጥ። የግብር ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ እንደሌለበት የሚያሳይ ወረቀት፣ ጠይቀው። ከዚያ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠውን ጠይቅ፦ ከዚህ በፊት ከማን ጋር ሠራ? ለምን ተለያዩ? የቀድሞ ሸሪኩን አግኘውና ቡና ጋብዘው። ከሦስት ሰው ጋር ሠርቶ ሦስቱም «ሌባ» ከሆኑበት፣ አራተኛው ሌባ አንተ ነህ።

ከአዳማ፦ ሃምሳ ሃምሳ ብንካፈል አይሻልም?

ስትስማሙ ይሻላል። ስትጣሉ ግን ማንም ማንንም በድምፅ አይበልጥም፣ ሥራው ይቆማል። ሃምሳ ሃምሳ ካላችሁ፣ ሳትስማሙ ስትቀሩ ነገሩን ማን እንደሚቆርጠው መመሥረቻ ጽሑፉ ላይ ይግባ። የአዲስ አበባ ንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት የግልግል ተቋም አለው፣ እሱን ማስገባት ይቻላል። አንዱ መውጣት ቢፈልግ ድርሻው በምን ስሌት እንደሚገመትም ዛሬ ጻፉት። ዛሬ ስትስማሙ አሥር ደቂቃ አይወስድባችሁም።

ከሪያድ፦ ጋሼ፣ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ለዓመታት ለወንድሜ ብር ልኬ ወፍጮ ቤት ከፈተ። ሁሉም ነገር በእሱ ስም ነው። አሁን ሚኒባስ እንጨምር ይለኛል። ወንድሜን አምነዋለሁ። ልላክ?

እህቴ፣ ገና አትላኪ። ይህን ጥያቄ ከሪያድ፣ ከቤሩት፣ ከዱባይ ስንቴ እንደሰማሁት አልነግርሽም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ፣ ሌሎቻችሁም ስልኩን ሳትዘጉ አዳምጡ።

ወንድምሽ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ደግ ነው እንበል። ደጉ ወንድምሽ ነገ ቢሞትስ? ወፍጮ ቤቱ በስሙ ስለሆነ የሚወርሱት ልጆቹ ናቸው። ባለቤቱም በትዳር የተፈራ ንብረት ነው ብላ ግማሹን ትጠይቃለች። ሁለቱም መብታቸው ነው፣ ክፋት የለበትም። ቢፋታም ያው ነው። ተበድሮ መክፈል ቢያቅተው አበዳሪው የሚያሳግደው በስሙ ያለውን ነው። «ብሩ እኮ የእህቴ ነው» ቢል ዳኛው «ማስረጃ?» ይለዋል። ሸሪክ ስትመርጪ ሚስቱን፣ ወራሾቹንና አበዳሪዎቹን ሁሉ አብረሽ መርጠሻል።

ማስረጃሽ ምንድን ነው? ብሩን በሰው እጅና ከባንክ ውጭ በሆነ ሐዋላ ከላክሽው ምናልባት ምንም የለሽም። በባንክ ልከሽም ቢሆን ወረቀቱ ገንዘብ መላክሽን እንጂ ለምን እንደላክሽ አይናገርም። ስጦታ ነበር ሊባል ይችላል። ብድር ነበር ካልሽ ደግሞ፣ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ በማመኑ ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም ይላል። እናትሽና ጎረቤቱ ሁሉ ቢመሰክሩልሽ አይበቃም። 500 ብር ዛሬ የአንድ ምሳ ግብዣ ነው፣ ሕጉ ላይ ግን እዚያው ቁጭ ብሏል።

ምን ታደርጊያለሽ? ሚኒባሱን ከመግዛታችሁ በፊት አንቺም ድርሻ ያለሽ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቁሙ። ለዚህ ሁለት ሰው ይበቃል። ወፍጮ ቤቱም በመዋጮነት ሊገባ ይችላል። መኪናው በማኅበሩ ስም ይመዝገብ። ብሩን በባንክ ወደ ማኅበሩ ሒሳብ ላኪ፣ ወደ ወንድምሽ ሒሳብ አይደለም።

አዲስ አበባ መምጣት ካልቻልሽ ኤምባሲ ሄደሽ ውክልና ስጪ። ግን እባክሽ «ሙሉ ውክልና» የሚሉትን አትፈርሚ። ማኅበሩን ለማቋቋምና ለመፈረም ብቻ የሚል ይሁን። መሸጥ፣ መለወጥ፣ በመያዣ ማስያዝ የሚሉ ቃላት ካሉበት አሰርዢ። ጸሐፊው «ሁሉም እንዲህ ነው የሚሰጠው» ይልሻል። ስንቱ እንዲህ ሰጥቶ ነው እኔ ቢሮ የሚያለቅሰው!

ወንድምሽ «አላመንሽኝም ማለት ነው?» ብሎ ይቀየም ይሆናል። «አምንሃለሁ፣ ግን ሁለታችንም ሟች ነን» በይው። አንቺም ብትሞቺ ልጆችሽ ምን ይዘው ይጠይቁታል?

ከአዲስ አበባ ቡልቡላ፦ ባለቤቴ ሳያውቅ 200 ሺህ ብር ለጓደኛዬ ሥራ ባበድርስ?

አይሆንም። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992፣ ከጋራ ሀብት ከ500 ብር በላይ ለማበደር የሁለታችሁን ስምምነት ይጠይቃል። ዛሬ ማታ ንገሪው። ይቆጣል፣ ይበርድለታል።

ከደሴ፦ ሕጉ ሁለት ሰው ስለሚል የአክስቴን ልጅ 2 ፐርሰንት ሰጥቼ ስሙን ላስገባ ነበር። ስሙ ብቻ ነው።

«ስሙ ብቻ» የሚባል ሸሪክ የለም። 2 ፐርሰንት ያለው ሰው ስብሰባ ላይ ይገኛል፣ ሒሳብ ይጠይቃል፣ ትርፍ ይካፈላል። ቢሞት ደግሞ ወራሾቹ ይመጣሉ። እናንተም ስማችሁን የምታውሱ፣ ግብር ሰብሳቢውና ባንኩ የሚያውቁት ወረቀት ላይ ያለውን ስም ነው። ይህ ሁሉ ጣጣ ደግሞ አሁን አያስፈልግም። በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ 1243፣ ባለአንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ፈቅዷል። ብቻህን ማቋቋም ትችላለህ። ባለቤቱ ቢሞት ሥራውን የሚረከብ ሰው አስቀድሞ እንዲሰየምም ይጠይቃል። አያችሁ፣ ሕጉም እንደ እኔ ሟርተኛ ነው።

ከባሕር ዳር፦ እኔ ሙያ አለኝ፣ እሱ ብር አለው። ድርሻችን እንዴት ይሁን?

መጀመሪያ ደመወዝህን ከትርፍ ድርሻህ ለዩት። ቀን ተሌት የምትሠራው አንተ ነህ፣ ለዚያ በየወሩ ደመወዝ ይቆረጥልህ። ትርፍ ሌላ ነው። ሙያ በመዋጮነት የሚገባው ግን በሁሉም ዓይነት ማኅበር ስላልሆነ፣ ዓይነቱን ከመምረጣችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ። ባለብሩም ይስማኝ፦ አሮጌ መኪናህን በአዲስ ዋጋ አስገምተህ «መዋጮዬ ነው» አትበል። ገለልተኛ ገማች ይገምተው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ የአሜሪካ ፓስፖርትና ቢጫ ካርድ አለኝ። አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ውስጥ ሸሪክ መሆን እችላለሁ?

ትችላለህ። ቢጫ ካርድ ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መቆጠር ይችላል። በውጭ ባለሀብትነት ልግባ ካልክ ግን በአዋጅ 1180/2012 ለአንድ ፕሮጀክት ዝቅተኛው ካፒታል 200 ሺህ ዶላር ነው፣ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ከሆነ 150 ሺህ። የሚሻልህን ከኢንቨስትመንት ኮሚሽን ጋር ተነጋገርበት። ለሪያዷ እህታችን ያልኩትን ሁሉ ደግሞ ለአንተም ብያለሁ። ዶላር ስላለህ አይቀርልህም።

ከሰሚት፦ በቴሌግራም አክሲዮን የሚሸጡ ሰዎች «ነገ ይዘጋል፣ ፍጠን» ይሉኛል።

ለሕዝብ የሚቀርብ አክሲዮን መጀመሪያ የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣንን ያልፋል። እዚያ ጠይቅ። «ነገ ይዘጋል» ካሉህ ይዘጋ።

ከመገናኛ፦ ሸሪኬ የሱቁን ቁልፍ ቀይሮ፣ ከባንክ ብር አውጥቶ ስልኬን አያነሳም። ምን ላድርግ?

ይህ በሬዲዮ አይፈታም። መመሥረቻ ጽሑፋችሁን፣ የባንክ ስቴትመንቱንና የተጻጻፋችሁትን መልእክት ሁሉ ይዘህ ነገ ጠዋት ጠበቃ ዘንድ ሂድ። ሒሳቡንና ንብረቱን ለማሳገድ እያንዳንዷ ቀን ዋጋ አላት። እስከዚያ በሩን እንዳትሰብር፣ የሰፈር ጎረምሳም ይዘህ እንዳትሄድ። ተበዳዩ አንተ ሆነህ ፖሊስ ጣቢያ የምታድረው አንተ ትሆናለህ።