ምርመራ እና ምርምር

እንደምን ከረማችሁ። የማራገቢያውን ድምፅ ታገሡኝ፤ ባጠፋው የድሬ ሙቀት አያናግረኝም። ዛሬ የከዚራን ዛፎች ነገር ልጨርስላችሁ ነበር። አልሆነልኝም። ትናንት ማታ እማዬ እንደገና ጠየቀችኝ። ሽንኩርት እየከተፈች፣ ቀና እንኳን ሳትል፣ «የዚያ ምርመራ ውጤት እስካሁን አልመጣም?» አለችኝ።

እማዬ እጢ ያስወጣችበትን የቀዶ ሕክምና ዋዜማ አውርቼላችኋለሁ። የዘለልኩት አንዲት ወጣት ፈቃድ ልትጠይቅ የመጣችበትን ሰዓት ነው። ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ ሦስት ገጽ ወረቀት ይዛ መጣችና አልጋው አጠገብ በርከክ አለች። «እናቴ፣ ነገ ከሚወጣልዎ እጢ ለሕክምናዎ ከሚያስፈልገው የሚተርፈውን ለካንሰር ምርምር እንድንጠቀምበት ይፈቅዳሉ?» ጨዋ ልጅ ናት፤ እሷን አልወቅስም። እማዬ ወደ እኔ ዞረች። «ምን ትላለች?» እኔም «ለምርመራ ነው እማዬ፣ ፈርሚ» አልኳት።

ምርመራ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ምርምር ነው። ምላሴ ነው የተሳሳተው? ወይስ ረጅሙን ማስረዳት ስለከበደኝ አጭሩን መረጥኩ? ያን ቀን ከማለዳ ጀምሮ አልተቀመጥኩም ነበር፤ ይህ ግን ምክንያት ይሁን አይሁን...

እስክሪብቶውን ተቀብላ ቆም አለች። «አይቀበርም?» አለች። ከሰው ገላ የወጣ ነገር እንደ ቆሻሻ አይጣልም ብላ የምታምን ሴት ናት። የእኔን እትብት በገዛ እጇ ቀብራለች፤ ቦታውንም አሳይታኛለች፣ ዛሬ የጎረቤት ግንብ ቆሞበታል። «በክብር ያስቀምጡታል» አልኳት። ፈረመች። ስሟን ፊደል በፊደል፣ ቀስ ብላ።

ከዚያ ወዲህ ያላነበብኩት የለም። እጢው እንዳይበሰብስ ፎርማሊን የሚባል ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል፣ ኋላም በፓራፊን ሰም ይታሸጋል። ከሰሙ ላይ የሚቆረጠው ስስ ቅጠል ውፍረቱ አራት ወይም አምስት ማይክሮን ነው፤ አንድ ፀጉር ከዚያ አሥር እጥፍ ይበልጣል። ሰሙ በእኛ ሙቀት አይቀልጥም ወይ ብዬ ተጨንቄ ነበር። የሚቀልጠው 56 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ለብዙ ዓመታት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። በክብር ያልኩት እንግዲህ መደርደሪያ ነው።

የሄንሪታ ላክስንም ታሪክ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1951 ባልቲሞር ውስጥ በማኅፀን በር ካንሰር ስትታከም ሳታውቅ ናሙና ወሰዱባት። እሷ በዚያው ዓመት ሞተች፤ ሴሎቿ ግን ዛሬም በየላቦራቶሪው ይባዛሉ። ቤተሰቧ የሰማው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ይህን ሳነብ እጄ ቀዘቀዘ። የእማዬ እንደዚያ አይደለም፤ ተጠይቃለች፣ ፈርማለች። ግን የፈረመችው የእኔን ቃል ነው።

ደግሞ ነገሩን እደግፋለሁ፤ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። በዓለም ላይ የተከማቸው የዘረመል መረጃ በአብዛኛው የመጣው የዘር ሐረጋቸው ከአውሮፓ ከሚመዘዝ ሰዎች ነው። የእኛ እናቶች እጢ ካልተጠና የነገው መድኃኒት ለማን ተብሎ ይሠራል? እማዬም በደንብ ብነግራት እሺ የምትል ይመስለኛል። ይመስለኛል... እሺ ማለቱ ግን የእሷ ነበር።

ለሕክምናዋ የሚያስፈልገው ውጤትማ መጥቷል፤ መድኃኒቷ የታዘዘው በእሱ ነው። እሷ የምትጠብቀው ሌላኛውን ነው። ለእሷ ተብሎ የሚመጣ ውጤት እንደሌለ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ሐሳቧን ከቀየረች ፈቃዷን ማንሳት እንደምትችልም፣ ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ፣ ከስልክ ቁጥር ጋር። ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ትናንት አወጣሁት፣ መልሼም አስገባሁት። ብነግራት የምትደነግጠው በእጢው ነው ወይስ በእኔ?

«ገና ነው እማዬ» አልኳት።

ሽንኩርቱን ወደ ድስቱ ገልብጣ፣ «ይሁን፣ ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል» አለች። «አትጨቅጭቂያቸው።»

እኔም... እሺ አልኳት።