ጥገናው ለማን ይደርሳል?

እንደምን አመሻችሁ! ቅዳሜ ማታ፣ ያውም ኳስ እያለ፣ ንግግር ለመስማት ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ፊት ለፊት የኮምፒውተር ተማሪዎች አያለሁ። ከኋላ የተቀመጣችሁት ተጫዋቾች መሆናችሁ ደግሞ ከጫጫታችሁ ያስታውቃል።

የዛሬው ወሬዬ ሳያልቁ ለገበያ ስለሚወጡ ጌሞች ነው።

ጌም በካርትሪጅ ይሸጥ በነበረ ጊዜ ከፋብሪካ ከወጣ ወጣ ነው። ስህተት ካለው ስህተቱ አብሮት ይኖራል። ኢንተርኔት ሲመጣ ግን "አሁን እናውጣው፣ በኋላ እናስተካክለዋለን" ማለት ተለመደ። የፖላንዱ ጌም አምራች ሲዲ ፕሮጄክት ሳይበርፐንክ 2077 የተባለውን ጌም ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ካሸጋሸገ በኋላ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 2020 አወጣው። ቀድመው እንዲገመግሙት ለጋዜጠኞች የተሰጠው የፒሲው፣ ማለትም የኮምፒውተሩ፣ ቅጂ ብቻ ነበር። የፕሌይስቴሽን 4ቱን ጉድ ያዩት ከፍለው የገዙት ናቸው። ምስሉ ይንቀረፈፋል፣ ሰዎቹ እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው ድርቅ ይላሉ፣ ጌሙ ራሱ ድንገት ይዘጋል። ሳምንት ቆይቶ የፕሌይስቴሽን አምራች ሶኒ ከኦንላይን መደብሩ አወረደው፤ ለገዙትም ገንዘባቸውን እመልሳለሁ አለ። ወደ መደብሩ የተመለሰው በቀጣዩ ዓመት ጁን ላይ ነው።

"በኋላ ግን አሪፍ ሆነ" ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። በ2023 የወጣው 2.0 አፕዴት ጌሙን እንደ አዲስ ሠራው። ግን ለማን? ለፒሲ፣ ለፕሌይስቴሽን 5 እና ለአዲሱ ኤክስቦክስ። ፕሌይስቴሽን 4 አልደረሰውም። በመጀመሪያው ቀን በጣም የተቃጠለው ሰው ትልቁ ጥገና ሲመጣ ከበር ቀረ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

እስቲ ወደ ሰፈራችን እንምጣ። እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ የማውቀው ጌም ቤት አለ። ባለቤቱ ፕሌይስቴሽኑ "አፕዴት ልጫን?" ባለው ቁጥር "በኋላ" የምትለዋን ይጫናል። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ብዙ ጊጋ የሚበላ የጥገና ፋይል በሞባይል ዳታ ማውረድ የቀኑን ገቢ ይበላበታል፤ ግማሽ ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ስለዚህ እዚያ ቤት ጌም ማለት ዲስኩ ላይ ያለው ነው። አምራቹ የቱንም ያህል ቢያስተካክል፣ አዘዞም ሆነ ማራኪ ያለው ልጅ የሚጫወተው የመጀመሪያውን ቀን ጌም ነው።

ጥገናን እየተቃወምኩ አይደለም። ኖ ማንስ ስካይ የተባለው የጠፈር ጌም በ2016 ሲወጣ ሁለት ተጫዋቾች በመጀመሪያው ቀን አንድ ፕላኔት ላይ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ፤ መተያየት ግን አልቻሉም። አብሮ መጫወት በደንብ የመጣው በ2018 ነው። አምራቹ ሄሎ ጌምስ ከዚያም በኋላ ዓመታት ሙሉ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አፕዴት ማውጣቱን አላቋረጠም። ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ያላለቀ መሸጥም በራሱ ነውር አይደለም፤ ማይንክራፍት ከ2009 ጀምሮ "ገና ነው" ተብሎ፣ በቅናሽ እየተሸጠ ነው በ2011 ያለቀው። ጣሪያው ያልተመታ ቤት በቅናሽ አከራይሃለሁ ብትሉኝ እስማማ ይሆናል። ጣሪያውን ደብቃችሁ በሙሉ ዋጋ ስታከራዩኝ ነው ጸቡ።

እናንተ ተማሪዎች፣ ይሄ የውጭ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ። የሠራችሁት አፕ እኛ ጋ የሚዞረው በቴሌግራምና በሼርኢት ነው። አንዱ ለሌላው ይልካል። ፋይሉ ከስልክ ስልክ ሲሄድ አፕዴቱ አብሮት አይሄድም። ዛሬ የለቀቃችሁት የተበላሸ ቅጂ የዛሬ ሁለት ዓመትም የሆነ ሰው ስልክ ላይ ሊገኝ ይችላል።

ስለዚህ የዚህ ሴሚስተር ፕሮጀክታችሁን ከመልቀቃችሁ በፊት የእናታችሁን ስልክ ተዋሱ። ዳታውን ዝጉት፣ ሜሞሪው እንደሞላ ይሁን፣ ከዚያ አፑን ክፈቱት። መሃል ላይ ስልክ ይደወል። ተመልሶ ካልተከፈተ አላለቀም። አላለቀም ብላችሁም ጻፉበት።

ጌም ቤት ያላችሁ ደግሞ፣ ዲስክ ከመግዛታችሁ በፊት በራሳችሁ ማሽን ዓይነት ሲጫወት የሚያሳይ ቪዲዮ ፈልጉ። የፒሲ ቪዲዮ አያታልላችሁ። ሁለት ሳምንት ብትታገሡ ጥሩ ነው። አዲስ የኳስ ጌም ሲሆን ደንበኛ አያስታግስም፣ እሱን አውቃለሁ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ ከኋላ እንጀምር።